የማረሻ ብረት የዘር ሐረግ

በደብረ ማርቆስ የገበያ ቀን በደረሰ ጊዜ፣ ከጎዛምን፣ ከአነደድ፣ ከማቻከልና ከስናን እህሉን ጭኖ የሚመጣው ገበሬ፣ አህያውን አራግፎ ጤፉን ከሸጠ በኋላ፣ ወደ አገሩ ከመመለሱ አስቀድሞ ጎራ የሚልባቸው ሁለት ስፍራዎች አሉ፤ እነርሱም የጨው መደብና የባለ እጅ ዳስ ናቸው። ከዳሱ ውስጥ አንዱ ወናፉን እያነሣና እየጣለ ከሰሉን ሲያግመው፣ ሌላው የደነዘውን ማረሻ ከፍሙ መካከል ይቀብረዋል፤ ብረቱም ከጥቁርነት ወደ ፍም መልክ፣ ከፍም መልክም ወደ ብርቱካን ቀለም በተለወጠ ጊዜ፣ በጉጠት አውጥቶ ከመስፉ ላይ ያጋድመውና በመዶሻ እያከታተለ ይቀጠቅጠዋል። «አባባ፣ ይህ ገና ሁለት ክረምት ያርስልዎታል» ሲለው፣ ገበሬው «እጅህ ይባረክ ልጄ» ብሎ ሂሳቡን ከፍሎ፣ ገና ያልበረደውን ማረሻ በቅጠል ጠቅልሎ መንገዱን ይቀጥላል።

ይህን የመሰለ ጥበብ የያዘውን ሰው ማኅበረሰባችን ለብዙ ዘመን በቡዳነት እየጠረጠረ፣ ማዕዱን እየተጸየፈ፣ በጋብቻም እየራቀው ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ ስድቡ ከሰው አፍ ቶሎ አልጠፋም። ይሁን እንጂ ባለ እጁ ብረትን ያሾለዋል እንጂ አላስገኘውም፤ የወናፉ እሳት እጅግ ቢበረታ ከ1,000 ዲግሪ በጥቂት መቶ ቢያልፍ ነው፤ ይህም ሙቀት ብረትን ለማለዘብ ይበቃል እንጂ አንዲት የብረት ቅንጣት እንኳ ለመውለድ አይቻለውም። ብረት የሚወለድበት እሳት 3 ቢሊዮን ዲግሪ የሚደርስና ከዚያም የሚያልፍ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው እሳት የሚነደው በሰማይ፣ ያውም ከዋክብት ወደ ሞታቸው በተቃረቡበትና በሞቱበት ሰዓት ብቻ ነው።

በጎጃም አገር፣ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት እስካደረገበት ጊዜ ድረስ፣ ርስት የሚሻ ሰው በሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ ከአቅኚው አባት ጀምሮ፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን መቁጠር ነበረበት፤ ቆጥሮ ያላደረሰ ከርስቱ አይገባም ነበር። እንግዲህ በገበያው የተዘረጋውን ነገር ሁሉ፣ ማረሻውንም፣ ጨውንም፣ ጤፉንም፣ ሸክላውንም በዚሁ በርስት ሕግ አቁመን «አቅኚ አባትህ ማን ነው?» ብለን ብንጠይቀው፣ የእያንዳንዱ ሐረግ ወደ ኋላ እየተመዘዘ ሄዶ ከምድር ይወጣና፣ አብዛኛው ከአንድ ዘመን ከፈነዳ ኮከብ ዘንድ ይደርሳል።

አራቱ ባሕርያትና ዘጠና ሁለቱ

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩ፣ የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ይኸውም ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከእሳትና ከነፋስ እንደ ተሠራ ይናገራሉ፤ በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በደብረ ኤልያስ የተማረ የጎጃም ሰው ይህን ሳይሰማ አላደገም። የዛሬው ምርምር መሬትን ብዙ ንጥረ ነገሮች ሆኖ፣ ውሃን የሃይድሮጅንና የኦክሲጅን ውሑድ ሆኖ፣ ነፋስን የልዩ ልዩ ጋዞች ድብልቅ ሆኖ፣ እሳትን ግን ሁኔታ እንጂ ንጥረ ነገር ሳይሆን አግኝቶታል፤ ከሃይድሮጅን እስከ ዩራኒየም ድረስ የሚቆጠሩት ንጥረ ነገሮችም 92 ናቸው። ነገር ግን የሊቃውንቱ ትምህርት ዋና ቁም ነገር፣ ማለት የሰው ሥጋና የምድር አፈር ከአንድ ባሕርይ የተገኙ መሆናቸው፣ በምርምር ጸና እንጂ አልፈረሰም፤ ከዚህም አልፎ ከዋክብት ራሳቸው የዚሁ ባሕርይ ተካፋዮች መሆናቸው ታወቀ።

ይህ የታወቀው የብርሃንን ቀለማት በመተንተን ነው፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በብርሃን ውስጥ የራሱን መስመሮች እየተወ ስለሚያልፍ፣ ኮከቡን ሳይነኩ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ይቻላል። ሴሲሊያ ፔይን የተባለች ወጣት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1925 ባቀረበችው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ከዋክብት ከሁሉ በላይ ሃይድሮጅንና ሂሊየም መሆናቸውን አስረዳች፤ የዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንት በመጀመሪያ ባይቀበሏትም ኋላ እውነቱ ከእርሷ ጋር ሆነ። ዛሬ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመታት በፊት፣ ዓለመ ፍጥረት በጀመረበት ሰዓት የተገኘው ቁስ በክብደቱ ሦስት አራተኛው ሃይድሮጅን፣ አንድ አራተኛው ሂሊየም እንደ ነበረና ከእነርሱ ሌላ እጅግ ጥቂት ሊቲየም ብቻ እንደ ታከለበት ይታመናል። በዚያ ዓለም ውስጥ ብረት አልነበረም፤ ጨው አልነበረም፤ የምንተነፍሰው ኦክሲጅን አልነበረም። የቀሩት ንጥረ ነገሮች ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ ሰፊውን መልስ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ማርጋሬት በርቢጅ፣ ጄፍሪ በርቢጅ፣ ዊልያም ፋውለርና ፍሬድ ሆይል በአንድነት ባወጡት ጽሑፍ፣ በዚያው ዓመትም አላስቴር ካሜሮን ለብቻው ባዘጋጀው ጥናት ነው፤ የሁሉም ድምዳሜ ንጥረ ነገሮች በከዋክብት ውስጥ መሠራታቸው ነበር።

የታላቅ ኮከብ ዕድሜና ሞት

ኮከብ በሕይወት የሚኖረው ሁለት ኀይሎች ሲመጣጠኑለት ነው፤ የገዛ ክብደቱ ወደ ውስጥ ይጫነዋል፣ በመካከሉ የሚነደው እሳት ወደ ውጭ ይገፋለታል። ይህ እሳት የከሰል እሳት ሳይሆን፣ ቀላል የሆኑ የአቶም እንብርቶች እየተዋሐዱ ከበድ ወዳሉት ሲለወጡ የሚወጣ ኀይል ነው። ፀሐያችን በ15 ሚሊዮን ዲግሪ ሙቀት ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም እየለወጠች ትኖራለች፤ ዘመኗ ሲፈጸም ካርቦንና ኦክሲጅን ከማፍራት አታልፍም፣ አትፈነዳምም። ከፀሐይ ከ8 እጥፍ በላይ የሚከብዱት ከዋክብት ግን ክብደታቸው የማያሳርፋቸው ስለ ሆነ፣ አንዱ ማገዶ ባለቀ ቁጥር ልባቸው ይኮማተራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የፊተኛው አመድ ለኋለኛው ማገዶ ይሆናል።

ከፀሐይ 25 እጥፍ በሚከብድ ኮከብ ውስጥ ይህ ሥራ እየተፋጠነ የሚሄድበት ሁኔታ አእምሮን ያስደንቃል። ሃይድሮጅኑ 7 ሚሊዮን ዓመታት ያህል ሲነድ፣ ሂሊየሙ በግማሽ ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ያልቃል፤ ከሂሊየም የተገኘው ካርቦን 600 ዓመታት ያህል እየነደደ ኒዮንን፣ ሶዲየምንና ማግኒዥየምን ያፈራል፤ ኒዮኑ በአንድ ዓመት፣ ኦክሲጅኑ በመንፈቅ ይፈጸማሉ፤ ከኦክሲጅኑም ቃጠሎ ሲሊከን፣ ድኝ፣ ክሎሪንና ካልሲየም ይገኛሉ፤ በመጨረሻ ሲሊከኑ በአንድ ቀን ብቻ ነዶ ወደ ብረት ወገን ይለወጣል። ሚሊዮን ዓመታት የፈጀው ሥራ ፍጻሜው የአንድ ቀን ሆነ ማለት ነው።

ብረት በደረሰ ጊዜ እሳቱ ይከዳል። የብረት ወገን እንብርት ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ መዋሐድ ኀይልን ይበላል እንጂ አይሰጥም። መሬታችንን የሚያህል ስፋትና ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት ያለው የብረት ልብ፣ የሚደግፈው ቢያጣ፣ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይደረመሳል፤ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን እየተጨፈላለቁ ኒውትሮን ይሆናሉ፤ ልቡም ወርዱ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የኒውትሮን ክምችት ሆኖ በድንገት ይጠነክራል። ከላይ የሚወርደው ንብርብር ከዚህ ጠጣር ልብ ጋር ሲላተም የሚነሣው ማዕበል፣ ከውስጥ በሚፈልቁት ኒውትሪኖ የተባሉ ረቂቅ ቅንጣቶች ኀይል ታግዞ፣ ኮከቡን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበትነዋል። ሱፐርኖቫ የሚባለው ይህ ነው።

ከዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ በኮከቡ ልብ ውስጥ የተከማቸው ብረት ከኒውትሮኑ መቃብር ውስጥ ቀርቶ ጠፍቷል፤ ለዓለም የተሰጠው ብረት ሌላ ነው፣ ማዕበሉ በሲሊከኑ ንብርብር ውስጥ ሲያልፍ፣ በፍንዳታው ቅጽበት የተወለደው ነው።

የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይህን ሁሉ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን በስሌት ያውቁት ነበር እንጂ በዓይን አላዩትም። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ በጸደቀበት በጥር ወር ማግስት፣ የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም. ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ፣ ከ168,000 የብርሃን ዓመታት ርቀት ላይ በማጄላን ታላቁ ደመና ውስጥ የፈነዳ ኮከብ ኒውትሪኖዎች ወደ ምድር ደረሱ። በዚያ ሰዓት ደመናው ከጎጃም አድማስ በታች ስለ ነበረ፣ ኒውትሪኖዎቹ ምድርን ከወዲያ ማዶ ሰንጥቀው፣ ከእግር በታች ገብተው በራስ በኩል ወጡ፤ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ ከ10 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት በገበሬውም፣ በበሬውም፣ በደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ካህን ሰውነትም ውስጥ ሲያልፉ የተሰማው ሰው አልነበረም። በጃፓን ከካሚዮካ የማዕድን ጉድጓድ፣ በአሜሪካ ከኦሃዮ የጨው ማዕድን፣ በሶቪየት ኅብረትም ከካውካሰስ ተራራ ሥር በተተከሉ መሣሪያዎች ተይዘው የተቆጠሩት፣ በድምሩ ወደ 25 የሚጠጉ ብቻ ነበሩ፤ ነገር ግን እነዚህ ጥቂቶች የኮከብ ልብ በእርግጥ እንደሚደረመስ አስመስክረዋል።

ብርሃኑ ተከትሎ ደረሰ። ኢያን ሼልተን የተባለ ተመራማሪ በቺሌ ከላስ ካምፓናስ መመልከቻ ባየው ጊዜ፣ አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ከቀረው ዘመን ወዲህ ያለ መነጽር ሊታይ የቻለ የመጀመሪያው ሱፐርኖቫ ሆነ። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10 ዲግሪ ላይ ያለች በመሆኗ፣ ያ ኮከብ በየካቲት ምሽቶች፣ ከዓባይ ሸለቆ ማዶ፣ ከደቡብ አድማስ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ያልፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ የታየው የበለጠ ነበር። ማዕበሉ በሲሊከኑ ውስጥ ያስገኘው በመጀመሪያ ብረት ሳይሆን ኒኬል 56 የሚባለው የማይጸና ቁስ ነው፤ ይህ ኒኬል በየ6 ቀኑ እየተጋመሰ ወደ ኮባልት 56፣ ኮባልቱም በየ77 ቀኑ እየተጋመሰ ወደ ጽኑው ብረት ይለወጣል፤ በየለውጡ የሚወጣውም ኀይል ኮከቡን ያበራዋል። የዚያ ሱፐርኖቫ ብርሃን ደምቆ ከቆየ በኋላ መቀነስ ሲጀምር፣ ልክ ኮባልቱ በሚጋመስበት ልክ በየ77 ቀኑ እየተጋመሰ ቀነሰ። ስለዚህ በወራት ውስጥ ይታይ የነበረው ብርሃን የብረት መወለጃ ብርሃን ነበር፤ የተወለደውም ብረት ከ20,000 መሬቶች ክብደት በላይ ሆኖ ተገምቷል።

ሌላው የፍንዳታ ወገን

በጎጃም አፈርና በማረሻው ውስጥ ያለው ብረት ግን፣ አብዛኛው የመጣው ከሌላ ዓይነት ፍንዳታ ነው። እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ሲሞት የሚተወው፣ ነጭ ድንክ የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ አስክሬን፣ ከጎረቤት ኮከብ ቁስ እየወሰደ ወይም ከሌላ ነጭ ድንክ ጋር እየተጋጨ በሚፈነዳበት ጊዜ፣ ካርቦኑና ኦክሲጅኑ በቅጽበት ይነዱና የፀሐይን ክብደት ግማሽ ያህል ኒኬል ያስገኛሉ፤ ከዚህም ፍንዳታ ምንም ልብ ሳይቀር ሁሉ ይበተናል።

በ1597 ዓ.ም. መባቻ፣ ዐፄ ዘድንግል በተገደሉበት ዓመት፣ ዮሐንስ ኬፕለር የተከታተለው አዲስ ኮከብ የዚህ ወገን ነበር፤ ከእርሱም ወዲህ በእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ በዓይን ብቻ የታየ ሌላ ሱፐርኖቫ በጽሑፍ አልተመዘገበም። የኬፕለር ኮከብ በሰማይ የቆመበት ስፍራ ከኢትዮጵያ በግልጽ የሚታይ ነው፤ ያ የብረት ብትን ዛሬም በራጅ ቴሌስኮፖች ፊት እየሰፋ ይታያል።

ብትኑ ከምድር ላይ እንደሚደርስም ማስረጃ አለ። ብረት 60 የሚባለው ዓይነት በየ2.6 ሚሊዮን ዓመቱ እየተጋመሰ ስለሚጠፋ፣ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረችው ምድር ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ የኖረ አንድም ሊገኝ አይገባም ነበር፤ ነገር ግን ከፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል በተወሰደ ቅርፊት ውስጥ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመታት ባስቆጠረው ንብርብር ላይ ተገኘ። ይህ በቅርብ ከፈነዳ ኮከብ የዘነበ ትቢያ ነው፤ ዝናቡም በወረደበት ዘመን በአፋር ምድር የሰው ወገን የሆኑ ፍጥረቶች በእግራቸው ቆመው ይሄዱ ነበር።

ከጮቄ ራስ እስከ ዓባይ በረሃ

የተበተነው ሁሉ ከጠፈር ጋዝ ጋር ተቀላቅሎ፣ ከብዙ ትውልድ ከዋክብት በኋላ፣ ፀሐይና ፈለኮቿ ከእርሱ ተገኙ። የምድር ክብደት ሲሶው ያህል ብረት ነው፤ አብዛኛው ገና በቀለጠችበት ዘመን ወደ እንብርቷ ወረደ፣ የቀረውም ከድንጋዩ ጋር ተዋሕዶ ከላይ ቆየ። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የኢትዮጵያ ደጋ በቀለጠ ድንጋይ በተጥለቀለቀ ጊዜ፣ ከዚያም ከ22 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የጮቄ እሳተ ገሞራ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ሲከምር፣ ይህ የከዋክብት ብረት ከሲሊከኑ፣ ከማግኒዥየሙና ከኦክሲጅኑ ጋር ከምድር ሆድ ወጥቶ ጥቁሩን ድንጋይ ሠራ። ድንጋዩ በዝናብና በፀሐይ ፈርሶ አፈር ሲሆን፣ ብረቱ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ቀላ፤ የጎጃም ቀይ መሬት መልኩን ያገኘው ከዚህ ነው። ጤፉም ብረቱን ከአፈር ይስባል፣ ብረቱም በእንጀራ አድርጎ ወደ ደም ይገባል፤ በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት 4 ግራም ያህል ሲሆን፣ ደምን የሚያቀላውም እርሱ ነው።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ መንገደኛ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይገለጥለታል፤ ይህም ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አገሩን በሸፈነ ባሕር ውስጥ የተከማቸ ሲሆን፣ ካልሲየሙ በኮከብ ፍንዳታ የተገኘ፣ ካርቦኑ ግን ከፊሉ ሳይፈነዱ ቀስ ብለው ከሞቱ ከዋክብት የመጣ ነው፤ ንጥረ ነገር ሁሉ የፍንዳታ ልጅ አይደለምና። በደጋው ላይ ብርቱ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ወስዶ አፈሩን ስላኮመጠጠው፣ አሉሚኒየምም የሰብሉን ሥር ስለሚያቆረፍደው፣ ገበሬው ዛሬ ኖራ ፈጭቶ ማሳው ላይ እንዲበትን ይመከራል። ዝናብ የወሰደውን ካልሲየም የሰው እጅ ይመልሰዋል ማለት ነው።

ጨውም የራሱ ሐረግ አለው። ሶዲየሙ ከካርቦን ቃጠሎ፣ ክሎሪኑ ከኦክሲጅን ቃጠሎ በታላላቅ ከዋክብት ውስጥ የተገኙ ሲሆኑ፣ በአፋር ዝቅተኛ ምድር ተዋሕደው ተጋገሩ፤ ከዚያም አሞሌ ተብለው እየተጠረቡ በነጋዴ ጭነት ጎጃም ገብተው፣ በባሶ ገበያ ወርቅና ማር ሲገዙ ኖሩ።

ከሁሉ ዘግይቶ የመጣው

ከብረት የሚከብዱት ንጥረ ነገሮች ሐረግ ከዚህ ይለያል፤ ከነዚህም ውስጥ ወርቅን፣ ዩራኒየምንና አዮዲንን የመሳሰሉት በአብዛኛው የሚገኙት የኒውትሮን ጎርፍ አቶሞችን በሴኮንድ ውስጥ በሚያከብድበት ስፍራ ነው። ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመታት ርቀት፣ ሁለት የኒውትሮን ከዋክብት፣ ማለት የሁለት ቀደምት ሱፐርኖቫዎች አስክሬኖች፣ ሲላተሙ በስበት ሞገድም በብርሃንም ተገኙ፤ የካቲት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በተገለጠ ሌላ የጋማ ጨረር ፍንዳታም ውስጥ፣ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ቴሉሪየም የተባለውን ንጥረ ነገር ምልክት አየ። ቴሉሪየም በንጥረ ነገሮች ሰሌዳ 52ኛ፣ አዮዲን 53ኛ ነው፤ ጎረቤቱ በተገኘበት ስፍራ እርሱም እንደሚሠራ ይታመናል።

በዚህ መንገድ አዮዲን እንዲወለድ ሁለት ከዋክብት አስቀድመው መፈንዳት፣ አስክሬኖቻቸውም ለረጅም ዘመን ተዟዙረው መጋጨት ይኖርባቸዋል፤ ስለዚህም ብርቅ ነው። ሰው በቀን የሚያስፈልገው የግራም ሚሊዮንኛ 150 ብቻ ሲሆን፣ በ70 ዓመት ዕድሜ ተደምሮ እንኳ 4 ግራም አይሞላም፤ ነገር ግን ይህ ቢጎድል አንገት በእንቅርት ያብጣል፣ በማሕፀን ያለ ሕፃንም አእምሮው ይጎዳል። በቀላሉ የሚታጠብ ነገር በመሆኑም፣ የደጋው ዝናብና ጎርፍ ከአፈር እየወሰዱ ወደ ባሕር ሲያወርዱት ኖረዋል፤ ጎጃምን የመሰለ ከፍተኛና ዝናባም አገር በአፈሩ ብረት የጠገበ፣ በአዮዲን ግን የተራበ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዟል፤ ከአፍዴራ የሚመጣውም ጨው ይህን ሥርዐት መከተል ይገባዋል። ሕጉ ግን እስከ ገበያው መደብ ድረስ ነው የሚያደርሰው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእያንዳንዱ ቤት ሥራ ነው። አዮዲን ፀሐይና እርጥበት ሲያገኘው፣ በእሳትም ላይ ሲቆይ ይተናል። እንግዲህ የቤት እመቤትም ሆንሽ አባወራም ሆንህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በግልጽ የተዘረጋውን ጥሬ ጨው ትተህ አዮዲን ያለበትን ግዛ፤ በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከጭስ አርቀህ አኑር፤ ወጡም ሊወጣ ሲል እንጂ ገና ሲጣድ አትጨምር። ከዋክብት ድርሻቸውን ፈጽመዋል፤ የቀረው ሥራ የእኛው ነው።